ካሜራ የሚቀርጽ ካሜራ

የመሥሪያ ቤታችን ሠራተኞች ስለ ነፃነት ያደረግነው ታላቅ ተጋድሎ ተረስቶ እንዳይቀር፣ በቦታው የነበርኩ እንደመሆኔ ይህን ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ተጋድሎው የተካሄደው በሻይ ክፍል ውስጥ ነው።

ሥራ አስኪያጃችን የሠራተኛው ደኅንነት እንቅልፍ የሚነሳቸው ሰው ናቸውና በሻይ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ካሜራ አስተከሉ። ሻይ ክፍሉ ከውስጥ ስለሚቆለፍ የሒሳብ ክፍሏ እመጫት ለልጇ ጡቷን የምታልበው እዚያ ነበር። ካሜራው ከመጣ ወዲህ ግን ሽንት ቤት ገብታ፣ አፍንጫዋን በሻርፗ ሸፍና ማለብ ጀመረች። በጣም አዘንን። አዝነን ብቻ አልቀረንም፤ ስለ ስለላና ስለ ተቃውሞ አጭር ፊልም ለመሥራት ወሰንን።

ሐሳቡ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ነው። ከሁላችንም ይልቅ ብዙ ፊልም ስላየ ዳይሬክተርነቱ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። እመጫቷ፣ ተሰብስበን ሄደን ካሜራውን ያንሱልን ብንላቸው አይቀልም ወይ ብላ ጠይቃ ነበር። ዳይሬክተሩ በሐዘኔታ አያት። ልመና ነገ ይረሳል፣ ጥበብ ግን ዘላለም ይኖራል ሲል አስረዳት። ልጇን የሚርበው ግን ዛሬ ነበር።

የፊልሙ ታሪክ ቀላል ነው። አንዲት ሴት በሚሰልላት ካሜራ ፊት ወንበር ላይ ትወጣና በሻርፗ ትሸፍነዋለች፤ በቃ። ችግሩ መቅረጫ አልነበረንም። ስልካችን በመመሪያው መሠረት በር ላይ ስለሚቀር፣ በእጃችን ያለው ካሜራ ያው የሚሰልለን ካሜራ ብቻ ነው። ዳይሬክተሩ ይህንንም ረቂቅ ጥበብ ነው አለና ከካሜራ ክፍሉ ጥበቃ ጋር ተስማማ። ጥበቃው ሰው ሻይ ሲጠጣ እያየ መዋሉ ሰልችቶት ኖሮ ለመተባበር አላንገራገረም።

እመጫቷ ወንበሩ ላይ ወጥታ ሻርፗን ጣል አደረገችበት። ትንሽ ቆይቶ ጥበቃው እያለከለከ መጣ።

"ጨለመብኝ እኮ" አለ።

"ምኑ ነው የጨለመብህ?" አለው ዳይሬክተሩ።

"ሁሉም ነዋ። እሷም የለች፣ ሻርፑም የለ። ሸፍናችሁት ምን ልይ?"

ዳይሬክተሩ ብዙ አሰበ። ከዚያ ተጋድሏችን የጎደለውን ነገረን። የጎደለው ሁለተኛ ካሜራ ነበር።

ካሜራ ይነሳልን ለማለት ጊዜ ያጣን ሰዎች፣ ካሜራ ይጨመርልን ለማለት ግልብጥ ብለን ሄድን። ሥራ አስኪያጁ ከወንበራቸው ተነሥተው ሁላችንንም ጨበጡን፤ ሠራተኛ በገዛ አንደበቱ ካሜራ ሲጠይቃቸው የመጀመሪያቸው ነበር። በማግስቱ ተተከለ። አዲሱ ካሜራ ሽፋኑን አሳምሮ ቀረጸ፤ የእመጫቷን ግን ጀርባዋን እንጂ ፊቷን አላገኘም። ፊት የሌለው ተቃውሞ ደግሞ ምን ይረባል? ሦስተኛ አስጨመርን። ከዚያ ዳይሬክተሩ የጨመረው፣ ወደ ሽንት ቤት ስትሸሽ የሚያሳየው ትዕይንት ስሜቱ እንዳይቋረጥ ኮሪደሩ ላይ አንድ፣ ሽንት ቤቱ ውስጥ ከመታጠቢያው በላይ አንድ ተተከለ። ጥበብ መሥዋዕትነት ትጠይቃለች፤ ያቺም ሴት የቀራትን አንድ ቦታ ሰጠች።

ፊልሙ በአዳራሹ ሲመረቅ ሥራ አስኪያጁ ቆመው አጨበጨቡ። በተቆጣጣሪውና በተቃዋሚው መካከል ያለውን መልካም የሥራ ግንኙነት ይበልጥ ያጠናከረ ሥራ ነው ሲሉም ንግግር አደረጉ። እኔ በበኩሌ አልቅሻለሁ።

እመጫቷ እጇን አወጣች። "እሺ፣ ካሜራው መቼ ነው የሚነሳው?"

አዳራሹ በሙሉ አፈረላት። ዳይሬክተሩ ግን ትሑት ሰው ነውና ዝቅ ብሎ መለሰላት፤ "እህቴ፣ ከተነሳ ክፍል ሁለትን በምን ልንቀርጸው ነው?"

በማግስቱ ሻይ ክፍሉ ገብታ በሩን ቆለፈች። አንዱን ካሜራ በሻርፕ፣ አንዱን በሹራብ፣ አንዱን በዕቃ መጥረጊያ ጨርቅ ሸፈነችና ማለብ ጀመረች። ጀምሪ ያላት ሰው የለም። ጥበቃው ጨለማውን አይቶ ከወንበሩ አልተነሣም። በሩን የደበደብነው እኛ ነን።

"ክፈቺ፣ የፊልም ዕቃ ነው የምታበላሺው" አላት ዳይሬክተሩ።

"ሰው አለ" አለች ከውስጥ።

እንዲህ ያለ ድፍረት በዝምታ አይታለፍም፤ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄደን ከሰስናት። እሳቸው ነገሩን ሰምተው ግራ ተጋቡ።

"ለልጇ ነው እንዴ?" አሉ። "ያኔውኑ ብትነግሩኝ አስነሳው ነበር። አሁንም ላስነሳው።"

ደነገጥን። ስንት የለፋንበት ተጋድሎ በአንድ ቃል ሊፈርስ ሆነ። ዳይሬክተሩ ካሜራው የሠራተኛው ድል መሆኑን አስረዳቸው፤ እኛም ከኋላው ሆነን አንድም ካሜራ አይነካም አልን። ሥራ አስኪያጁ እኛን መቋቋም አልቻሉም።

"እናንተ ካላችሁ እንግዲህ" አሉና እጃቸውን ሰጡ።

ካሜራዎቹ እንዳሉ ናቸው። ለእመጫቷም በእኛ ጥያቄ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ ጥፋቷም ያለ ስክሪፕት መቃወም ነው።