ፎቶ «ሀ» እና ፎቶ «ለ» የታረቁበት ጊፋታ

በእያንዳንዱ የኪራይ ግቢ ውስጥ አንድ «እስቲ እንሞክረው» የሚል ሰው አለ። የለም የምትሉ ካላችሁ የግቢያችሁን አድራሻ ላኩልኝ፤ ዛሬውኑ ፍራሼን ጠቅልዬ እመጣለሁ። ሶዶ ያለውን ደላላ ሁሉ፣ በተለይ ኢሳይያስን፣ «እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ግቢ ፈልግልኝ» እያልኩ አሰልችቼዋለሁ።

የኛ ግቢ ሞካሪ ክብርት ዋና ተመራማሪ ዓመለወርቅ ትባላለች። ማዕረጉን የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ እሷም «ለጊዜው ይሁን» ብላ ተቀብላዋለች። ክብርትነቷ ከእኔ በር ፊት ለፊት ባለችው አንዲት ክፍል ውስጥ አልጋዋን፣ ስልኳንና የኢንተርኔት ሱቋን ይዛ ትኖራለች። የምትሸጠው ዱንጉዛ ነው፤ ያንን ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ የወላይታ ሽመና፣ ሻርፕም ሸሚዝም ክራባትም አድርጋ። ሸማኔው ሻንቆ ይሸምናል፤ እሷ ፎቶ አንስታ ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ትለጥፋለች።

አንድ ቀን ስለ ማስታወቂያ ሙከራ የሚያስተምር የኢንተርኔት ኮርስ ወሰደች። ከዚያ ወዲህ ሰላም የለንም። ትምህርቱ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ሁለት ማስታወቂያ ታዘጋጃለህ፤ አንዱ «ሀ»፣ ሌላው «ለ» ይባላል። በመካከላቸው አንድ ነገር ብቻ ይለያያል። ለግማሹ ሰው «ሀ»ን፣ ለግማሹ «ለ»ን ታሳያለህ። ብዙ ገዢ ያመጣው አሸናፊ ነው። «አንድ ነገር ብቻ ነው የሚቀየረው!» ትላለች ጣቷን ቀስራ። ውጤቱን ስትጠየቅ ደግሞ፣ «ገና ነው፤ መረጃው በቂ አይደለም።»

ነገሩ ሱቁ ላይ ቢቆም ምን ነበረበት! ባጃጅ ስትሳፈር ለአንዱ ሹፌር «ወንድሜ»፣ ለሌላው «አለቃ» ትላለች፤ ማን ባጃጁ ሳይሞላ እንደሚነሳ ልታይ። ገበያ ወርዳ ለአንዷ ቦይና (ጎደሬ) ሻጭ ፈገግ፣ ለሌላዋ ኮስተር ትላለች። ሁለቱ ሻጮች ለካ እህትማማቾች ኖረው፣ «ልጅቷን ምን ነካት?» ብለው ሲጨነቁ ዋሉ። እኔንም አንድ ሳምንት «ጋሼ»፣ አንድ ሳምንት «ጋሽዬ» እያለች በየትኛው የውሃ ጄሪካኗን ፈጥኜ እንደምሸከም አጥንታለች። በሁለቱም ተሸክሜያለሁ። «መረጃው በቂ አይደለም» ብላ ሌላ ጄሪካን አስከተለች።

ሱቁ ላይስ? «ዱንጉዛ ለጊፋታ» የሚለውን «ሀ»፣ «ለጊፋታ ምን ሊለብሱ ነው?» የሚለውን «ለ» ብላ አወጣች። ኮርሱ «ጥያቄ ሰውን ይስባል» ብሏታል። እውነትም ሳበ። ሰው ሁሉ በጨዋ ደንብ መለሰላት። «አምና የለበስኩትን።» «እግዚአብሔር ያውቃል፣ ልጄ።» አንዱ ከዲምቱ፣ «ዓመለወርቅ፣ እናትሽ ተሻላቸው ወይ?» ብሎ ጻፈ። የገዛ ግን አልነበረም።

ይህ ሁሉ ዝም ብሎ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ሐዋሳ የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ ሄኖክ የቢሮ ሥራ አግኝቶላታል። ስምምነታቸው ይህ ነበር፦ ሱቁ እስከ ጊፋታ፣ ማለትም እስከ ወላይታ አዲስ ዓመት፣ እግር ካላወጣ፣ ክፍሏን ለቃ ሐዋሳ ትገባለች። ይህን የሰማሁ ቀን ለኢሳይያስ ደወልኩና፣ «ምናልባት ግቢ መፈለጉን እናቆም ይሆናል» አልኩት። ድምፄ ግን እንዳሰብኩት ደስ ያለው አልነበረም።

ለጊፋታ ታላቁ ሙከራ ተሰናዳ። አንድ ዓይነት ሻርፕ፣ አንድ ግድግዳ፣ አንድ ብርሃን። የሚለየው የለባሹ ሰው ብቻ። ለ«ሀ» የተመረጡት የግቢያችን ባለቤት ጋሽ ወልደመስቀል ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ፎቶ ሲነሱ ለመታወቂያ የሚነሱ ይመስል ትንፋሻቸውን የሚይዙ ሰው። ለ«ለ» የአጥር ጎረቤታችን፣ ቅቤ ነጋዴዋ እትዬ ይመኙሻል ተመረጡ፤ ሲስቁ ድፍን ሰፈር የሚሰማቸው። ሁለቱ በአጥር ላይ ሰላም ሳይባባሉ ውለው አያውቁም።

ኮርሱን ያዘጋጁት ሰዎች ሶዶን አያውቋትም። እዚህ ሰውን ለሁለት መክፈል አይቻልም፤ ግማሹ የግማሹ ዘመድ ነው። በዴሳ ያለው ወንድም «ሀ»ን አየ፤ ሻንቶ ያለችው እህቱ «ለ»ን አየች፤ ተደዋወሉ። «እትዬ ይመኙሻልን ከእኔ ለምን ደበቋቸው?» ተባለ። ከዚያ ስልክ ከእጅ እጅ ዞረ። ሁሉም ሁለቱንም ፎቶ እየፈለገ ሁለቱንም ላይክ አደረገ። አንዱን ወድዶ ሌላውን መተው ይሉኝታ የለሽ ያሰኛላ! ዓመለወርቅ ግራ ገብቷት ግቢውን ትዞረዋለች። «ጋሼ፣ እኩል ነው! እንዴት ቁርጥ እኩል ይሆናል?»

ይባስ ብሎ እትዬ ይመኙሻል ፌስቡካቸውን ሲከፍቱ የመጡላቸው ጋሽ ወልደመስቀል ብቻ ሆኑ። ጋሽ ወልደመስቀል ሲከፍቱ ደግሞ እትዬ ይመኙሻል ብቻ።

«ያን ሁሉ አስለብሳ አንስታኝ፣ እሱን ብቻ አወጣች? ያስጣለኝማ እሱ ነው፤ አከራይዋ አይደል!» አሉ እትዬ።

«በቅቤ ደልላታለች» አሉ ጋሽ።

የአጥሩ ሰላምታ ቆመ። ወሬው ሲዛመት ገበያውም አብሮ ቆመ። የጋሽ ወልደመስቀል ወዳጆች ሻርፑን ቢገዙ እትዬ ይመኙሻል ሊቀየሙ ነው፤ የእትዬ ደንበኞች ቢገዙ ጋሽ ሊቀየሙ ነው። «ነገሩ ይብረድና እንገዛለን» እያለ ሁሉም እጁን ሰበሰበ። የሻንቆ ሻርፕ አልጋዋ ላይ ተቆልሎ ክብርት ተመራማሪዋ ወንበር ላይ ማደር ጀመረች። ሄኖክም ደወለና፣ «በይ ሻንጣሽን አዘጋጂ» አላት።

«ሁለቱን ጠርተሽ ለምን አታስረጃቸውም?» አልኳት።

«ጋሼ! ተመልካቹ ካወቀማ ሙከራው ተበላሸ!»

«የተበላሸው ሱቁ ነው እንጂ!»

ከቁልሉ አንድ ሻርፕ አንስታ አጠፈች። «ሐዋሳ መሄድ አልፈልግም» አለች፣ ያለ «ሀ» ያለ «ለ»። ጸጥታ ስፈልግ የኖርኩት ሰውዬ የዚያን ቀን ስንት ሻርፕ ቢሸጥ እንደምትቀር ሳሰላ ዋልኩ።

እኛ አገር ግን ቂም ይዞ ወደ ጊፋታ መሻገር ነውር ነው። በዓሉ ሲቃረብ የተጣላ ይታረቃል፤ የተጣላ መኖሩን የሰማ ሽማግሌ ደግሞ ተጠርቶ አይመጣም፣ በራሱ ይመጣል። አንድ ማለዳ አቶ ዳልጮ በትራቸውን ይዘው፣ ሌሎች ሽማግሌዎች አስከትለው ግቢያችን ገቡ። አቮካዶው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ጋሽ ወልደመስቀል በአንድ ወገን፣ እትዬ ይመኙሻል በሌላ ወገን ፊታቸውን አዙረው ተቀመጡ።

«ሳሮ፣ ሳሮ» ብለው አቶ ዳልጮ ሁሉንም ሰላም አሉና፣ «እንግዲህ ሁለት ፎቶ ተጣልቷል ሲሉ ሰማን» ብለው ጀመሩ።

«አልተጣሉም አባባ! ሙከራ ነው!» ዓመለወርቅ እንጨት አንስታ አፈሩ ላይ ሁለት ክብ ሠራች። ስለ ግማሹና ስለ ግማሹ፣ ስለ «ሀ» እና ስለ «ለ»፣ አንድ ነገር ብቻ ስለመቀየሩ አስረዳች። እውነቴን ነው፣ እንደዚያን ቀን ግልጽ ሆኖልኝ አያውቅም። አቶ ዳልጮ አንገታቸውን እየነቀነቁ እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«ገባኝ፣ ልጄ። ሰውን ለሁለት ከፈልሽ። ለአንዱ እሱን፣ ለአንዱ እሷን አሳየሽ። አንዱ ያየውን ሌላው እንዳያይ አደረግሽ።»

«አዎ! በትክክል!»

«እኛ ይሄን ጠብ ነው የምንለው» አሉ።

ሽማግሌዎቹ በአንድ ድምፅ «እውነት ነው» አሉ። ፍርዱም ወዲያው ተሰጠ፦ ሁለቱ አብረው ፎቶ ይነሱ፣ አንድ ሻርፕ ለሁለት ይልበሱ፣ ፎቶውም ሳይከፋፈል ለሁሉም ይታይ።

«ሁለት ነገር ባንዴ መቀየር እኮ አይቻልም!» አለች ዓመለወርቅ። ማንም አልሰማትም።

ትልቁ ሻርፕ በሁለቱ ትከሻ ላይ ተዘረጋ። ጋሽ ወልደመስቀል እንደ ልማዳቸው ትንፋሻቸውን ያዙ። እትዬ ይመኙሻል ጎናቸውን በጣታቸው ወጋ አድርገው፣ «ተንፍስ እንጂ፣ ልትሞትብኝ ነው?» ቢሏቸው ሰውየው ፈንድተው ሳቁ። ፎቶው የተነሳው ያኔ ነው። ዓመለወርቅ ከሥሩ የሚጻፉ ሁለት አማራጮች ይዛ ስትመጣ አቶ ዳልጮ፣ «ደግሞ ልትከፍይ ነው?» ብለው ከለከሏትና ራሳቸው ነገሯት፦ «ታርቀናል። መልካም ጊፋታ።»

ጠቡን የሰማ ሁሉ እርቁን ማየት ፈለገ። ስልኳ ሲጮህ ዋለ፣ ሲጮህ አደረ። አማቱን የተቀየመው አንድ ለራሱ አንድ ለአማቱ አዘዘ። ተኳርፈው የከረሙ ባልና ሚስት «ለሁለት የሚሆነውን» አሉ። ከበዴሳ፣ ከሻንቶ፣ ከዲምቱ፣ ሚኒባስ ሁሉ የኛን ጥቅል ይዞ ሄደ። የኛን አልኩ እንዴ? አዎ፣ እኔም ጠቅላይ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር፤ ለግማሹ በላስቲክ፣ ለግማሹ በወረቀት። ሻንቆ በሽመናው ላይ እንቅልፍ ይዞት ሲነቃ «ስንት ቀረ?» ይላል። ሄኖክም ደውሎ፣ «አንድ ለእኔ፣ አንድ ለባለቤቴ… አይ፣ ትልቁን አንዱን ላኪ» አለ። ስለ ሻንጣው አላነሳም።

የጊፋታ ዋዜማ ማታ ዓመለወርቅ ባዶ በሆነው አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ለንቦጯን ጥላለች።

«ደግሞ ምን ሆንሽ? ሁሉም ተሸጧል!»

«ለምን እንደተሸጠ ግን አናውቅም» አለች። «ሳቁ ይሁን፣ ሻርፑ ይሁን፣ እርቁ ይሁን። ለፋሲካ እንደገና ማጣላት አለብን።»

ያኔ ስልኬ ጮኸ። ኢሳይያስ ነው። «ጋሼ፣ ተገኘ!» ይላል በደስታ። «ባልና ሚስት ብቻ ናቸው፤ የሚናገር የለም፣ የሚያንኳኳ የለም፣ የሚሞክር የለም። ነገ ይግቡ!»

ክብርትነቷ ጆሮዋን አቁማ ሰምታ ኖሯል። ብድግ አለች፤ ዓይኗ በራ።

«ጋሼ፣ ዝም ብለው እንዳይወስኑ! አንድ ሳምንት እዚያ፣ አንድ ሳምንት እዚህ። ምግቡም ያው፣ ፍራሹም ያው። አንድ ነገር ብቻ ነው የሚቀየረው!»

ቀና ብዬ አየኋት። ጸጉሯ ላይ የቢጫ ክር ቁራጭ ተንጠልጥሏል።

«ኢሳይያስ፣ ለሌላ ሰው ስጠው» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።

ዓመለወርቅ በድንጋጤ ደረቷን ያዘች። «ያለ ምንም መረጃ?»

«ያለ ምንም መረጃ» አልኳትና ጄሪካኗን አንስቼ ወጣሁ።