የሚጣ አንጀትና የአምስት ዓመቱ ገበያ

«በሚቀጥሉት አምስት ዓመታት፣ ሆድ ሳይቀደድ በቱቦ ተገብቶ የጨጓራና የአንጀት እባጭ የሚቆረጥባቸው መሣሪያዎች ገበያ ወዴት ያመራል ብለው ይገምታሉ?»

ይህ ታላቅ ጥያቄ በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ በወረቀት በቀረበላት ሰዓት፣ እናትየው በግራ እጇ የሰባት ዓመት ልጇን ሚጣን፣ በቀኝ እጇ አንድ ፌስታል ይዛ ነበር። ፌስታሉ ውስጥ ያለው የሚጣ የውስጥ ልብስ ነው፤ ደም ነክቶታል። ሐኪሟ «በአፍሽ የነገርሽኝ ይበቃል» ብትላትም፣ እናት ናትና ማስረጃ ሳትይዝ ከቤት መውጣት አልሆነላትም።

ጥያቄውን መመለስ አልቻለችም። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ አንብባ ለመጨረስም ጊዜ ወስዶባታል። የጎልማሶች የማታ ትምህርት ከጀመረች ብዙ አልቆየችም፤ በመማሪያ መጽሐፏ ላይ ያለው ዐረፍተ ነገር «ላሟ ሣር በላች» የሚል ዓይነት ነው። ላሟ በሚቀጥሉት አምስት ዓመታት ወዴት እንደምታመራ የጠየቃት የለም።

እንዲህ ያለ ጥያቄ በበሽተኞች አግዳሚ ወንበር ላይ ለምን ይነሣል የሚል ሰው ካለ፣ የዕድገትን ምሥጢር ያልተረዳ ሰው ነው። ሆስፒታሉ ጎበዝ ሐኪም ነበረው። ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቱቦም ነበረው። በሽተኛማ በሽበሽ ነው። ያልነበረው ትንበያ ብቻ ነበር። ይህ አሳፋሪ ጉድለት አመራሩን እንቅልፍ ሲነሣው ከከረመ በኋላ፣ ሁኔታዎችን ከግምት ውስጥ በማስገባት «የመቁረጫ መሣሪያዎች የገበያ ዕይታ ክፍል» ተቋቋመ። ክፍሉ ምንጣፍ ተነጠፈለት፣ መጋረጃ ተሰቀለለት፣ ኃላፊ ተሾመለት። ኃላፊውን ሠራተኛው «ጋሽ ትንበያ» ይላቸዋል። ጋሽ ትንበያ በሕይወታቸው አንጀት አይተው አያውቁም፤ ይህም ፍጹም ገለልተኛ ያደርጋቸዋል።

ሐኪሟ የሚጣን አንጀት በቱቦው ካየች ሰንብታለች። «አይዞሽ፣ ክፉ ነገር አይመስልም» ብላ ነበር ለእናትየው። «የወይን ፍሬ የምታህል እባጭ ናት፤ በቀጭን ግንድ ተንጠልጥላለች። ግን ትደማለች። ካልተቆረጠች መድማቷን አትተውም።»

«ታዲያ ይቆረጥላታ፣ ዶክተር።»

«የምቆርጥበት የሽቦ ቀለበት የለኝም። በቱቦው ውስጥ ገብቶ ግንዷን አንቆ የሚቆርጥ ነው።»

«ከየት ነው የሚመጣው?»

ሐኪሟ መልስ ከመስጠት ይልቅ በአገጯ ከኮሪደሩ ማዶ ያለውን መጋረጃ አሳየቻት። «መጥቷል» አለች። «እዚያ ነው።»

እውነትም እዚያ ነበር። አንድ አምራች ድርጅት አንድ ካርቶን ሙሉ ሽቦ በናሙናነት ልኮ ነበር፤ ጋሽ ትንበያም ካርቶኑን ተቀብለው፣ ለክብሩ በሚመጥን የመስተዋት ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጠው ቆልፈውበታል። እናትየው በሩን አንኳኩታ ገባች። ጫማዋን ምንጣፉ ጫፍ ላይ አውልቃ ቆመች።

«ጌታዬ፣ አንዱን ሽቦ ለልጄ ቢሰጡልኝ።»

ጋሽ ትንበያ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ሚጣን ከላይ እስከ ታች ተመለከቷት። «እህቴ፣ ልጅሽ ምን እንደሆነች ታውቂያለሽ?»

የእናትየው ፊት ዐመድ መሰለ። «ምን ሆነች?»

«ፍላጎት ናት።»

«ምን አሉኝ?»

«ያልተሟላ ፍላጎት። እስቲ ንገሪኝ፤ ዛሬ ሽቦውን ብሰጥሽ ልጅሽ ምን ትሆናለች?»

«ትድናለቻ።»

«አየሽ፣ ራስሽ ተናገርሽው» አሉ ጋሽ ትንበያ፣ በሐዘኔታ ራሳቸውን እየነቀነቁ። «ትድናለች። አንድ ፍላጎት ከገበያው ወጣ ማለት ነው። ነገ ደግሞ ሌላው ይድናል። ጥናታችን ለባለድርሻ አካላት ጉባኤ ሲቀርብ ምን ይዘን ልንቆም ነው? ጤነኛ ሰው ይዘን?»

ጋሽ ትንበያ ደግሞ ጨካኝ አይደሉም፤ ሁሉን ነገር በዝርዝር አስረዷት። ፍላጎቱ እያደገ መሄዱ በጥናት ሲረጋገጥ አምራቾች እንደሚሻሙብን፣ ያን ጊዜ ሽቦው በየዓይነቱ እንደሚጎርፍ፣ ሚጣም አማርጣ እንደምትቆረጥ።

«መቼ ነው እሱ፣ ጌታዬ?»

«በትንበያው ዘመን ውስጥ።»

እናትየው ቅን ሰው ናት። ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ይሳሳታል ብላ ለማሰብ አልደፈረችም። ጥፋቱ የእሷ መሆን አለበት። ያን ጥያቄ መመለስ ነበረባት፤ ስላልመለሰች ልጇ ሳትቆረጥ ቀረች። ስለዚህ ጥያቄውን በቃሏ አጥንታ ማታ ትምህርት ቤት ሄደችና እጇን አወጣች።

«መምህር፣ በሚቀጥሉት አምስት ዓመታት ገበያው ወዴት ያመራል?»

«የምን ገበያ?»

«የአንጀት።»

መምህሩ ትንሽ አሰበ። «ይህንንስ ሥጋ ሻጩን ብትጠይቂው ይሻላል» አላትና ወደ ሰሌዳው ተመለሰ።

ትንበያው እየበሰለ ሄደ፤ ሚጣም እየነጣች። የቤታቸውን ደረጃ ስትወጣ መሐል ላይ ትቀመጥና «እማ፣ ትንሽ ልረፍ» ትላለች። እናትየው ጠዋት ጠዋት የልጇን የታችኛውን የዓይን ቆብ በአውራ ጣቷ ገለጥ አድርጋ ታያለች። ቀይ መሆን የነበረበት ቦታ ወረቀት መስሏል። ሐኪሟ ደም የሚተካ ሽሮፕ ሰጥታታለች፤ ሆኖም ሽሮፑ በላይ ሲገባ ደሙ በታች ይወጣል።

በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ፣ ከአግዳሚው ወንበር ትይዩ፣ ወደ ላይ የምትወጣ ቀይ መስመር ተለጥፋ ነበር። አዲስ በሽተኛ በመጣ ቁጥር ጋሽ ትንበያ ከመጋረጃው ወጥተው እጁን ይጨብጡታል፤ ከዚያም መስመሯን ከፍ ያደርጓታል። እባጩ አንጀቱን እየዘጋበት የመጣው ጡረተኛ ሾፌር አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ይህን ይከታተላል።

«እኔን የት ጋ ነው ያስቀመጡኝ?» ይላቸዋል።

«እዚህ፣ አቀበቱ ላይ።»

«ፍሬን ይዤ ነው የቆምኩት ወይስ ማርሽ ውስጥ ነኝ?»

ጋሽ ትንበያ በቀልዱ አይስቁም። አንድ ጊዜ አንድ በሽተኛ ሌላ ከተማ ሄደው ተቆርጦላቸው ድነው ሲመለሱ፣ ጋሽ ትንበያ የቅርብ ዘመድ እንደሞተባቸው ሰው ከሰው ሳይነጋገሩ ሰነበቱ።

በመጨረሻ የጉባኤው ቀን ተቆረጠ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ በክፍሉ ከተቆረጡት ነገሮች የመጀመሪያው ይኸው ነው።

«እህቴ፣ ልጅሽን ይዘሽ ነይ» አሏት ጋሽ ትንበያ። «የፍላጎቱን ወገን ወክላ ትቀመጣለች። ነጣ ብላለች፤ ፎቶ ላይ ያምራል።»

«ሽቦው ያን ቀን ይከፈታል?»

«እንዴታ። የክብር እንግዳው ሪባን ይቆርጡና ካርቶኑ ይከፈታል። በጎማ ላይ ተግባራዊ ማሳያ ይደረጋል።»

«ዶክተሯስ ትኖራለች?»

«ማሳያውን የምታቀርበው እሷ ናት።»

እናትየው አመስግና ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነገሩን በጣቶቿ አሰላችው። ሽቦው ይከፈታል። ሐኪሟ አለች። ልጄም አለች። ስሌቱ እስከ ዛሬ ለማንም ባለድርሻ አካል ያልመጣለት ቀላል ስሌት ነበር። በቀጥታ ወደ ሐኪሟ ክፍል ሄደች።

«ዶክተር፣ ልጄ የምትጠጣውን የሆድ ማጠቢያ ስጪኝ።»

ሐኪሟ መሳቢያዋን ከፈተች። «ከዋዜማው ጀምሮ እህል አይደለም ፍርፋሪውም እንዳይነካት። ጥርት ያለ ፈሳሽ ብቻ።»

እናትየው ሌላም ነገር አደረገች። ነገር በሆዷ የማይቀመጥላት ሰው ስለሆነች፣ ወሬውን አግዳሚው ላይ ላሉት ሁሉ ነገረች።

ጉባኤው ደማቅ ነበር። አዘጋጆቹን ያስደነቀው፣ ከአግዳሚው ተነሥቶ የመጣው የፍላጎቱ ወገን በሙሉ ከቀረበው ብስኩት አንዲት ፍርፋሪ አለመንካቱ ነው። «ጨዋነት» አሉ። የክብር እንግዳውም ተነሥተው ንግግር አደረጉ። «አንጀት የሰው ልጅ መሠረተ ልማት ነው» አሉ። «ረጅም ነው። ጠመዝማዛ ነው። ብዙ ነገር አልፎበታል። ትንበያ ግን እስከ ዛሬ አላለፈበትም።» አዳራሹ አጨበጨበ። ሪባኑ ተቆረጠ። ጋሽ ትንበያ ቀይዋን መስመር በስክሪኑ ላይ አሳዩ፤ መስመሯ ከስክሪኑ ልትወጣ ምንም አልቀራትም። ደግሞ ተጨበጨበ።

ካርቶኑ ተከፈተ። ሐኪሟ የመጀመሪያውን ሽቦ እሽግ ቀደደች። ሁለት ሰዎች ከአትክልተኛው የተወሰደ የውኃ ጎማ ይዘው ገቡ፤ ጎማው ውስጥ እባጭ እንዲሆን ቀይ ላስቲክ ተለጥፎበታል።

እናትየው ብድግ አለች።

«ይቅርታ፣ ጌቶቼ። ጎማው ይቆየን፤ እሱ አይርበውም። ልጄ ከትናንት ጀምራ ምንም አልቀመሰችም። አንጀቷ ጥርት ብሏል።»

የክብር እንግዳው ወደ ጋሽ ትንበያ ጎንበስ አሉ። «ማን ናት?»

«ፍላጎታችን ናት፣ ክቡርነትዎ፤ ነገር ግን…»

«እውነተኛ ናት?»

«እውነተኛስ ናት፤ ነገር ግን…»

«እንዲህ ያለ የተቀናጀ ዝግጅት አይቼ አላውቅም» አሉና አጨበጨቡ። እሳቸው ሲያጨበጭቡ አዳራሹም አጨበጨበ። ጋሽ ትንበያም፣ እጃቸው ብቻዋን እንዳትቀር፣ አጨበጨቡ። ሐኪሟ ያን ጊዜ ሽቦውንና ሚጣን ይዛ በሩ ጋ ደርሳ ነበር። «አንዴ የተከፈተ ተመልሶ አይታሸግም» አለች። «እናንተ ከዚሁ በስክሪኑ ታዩታላችሁ።»

ቀይዋ መስመር በነበረችበት ስክሪን ላይ የሚጣ አንጀት መጣ፤ እንደ ሮዝ ዋሻ። ከዋሻው ግድግዳ ላይ ያች የወይን ፍሬ ተንጠልጥላለች። የሽቦው ቀለበት ብቅ አለ፣ አንገቷ ላይ ገባ፣ ጠበቀ። ትንሽ ጭስ ታየ። ፍሬዋ ወደቀች። እናትየው አላየችም፤ ከሕክምናው ክፍል በር ውጭ የሚጣን ጫማ ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማ ነበር። ጋሽ ትንበያም አላዩም፤ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«ይቀጥል» አሉ የክብር እንግዳው፣ ወደ ምሳ እያዘገሙ።

ጡረተኛው ሾፌር ሱሪውን ከፍ አድርጎ ተነሣ። «ከትናንት ጀምሬ ጾሜን ነኝ» አለ። ከእሱ ኋላ አግዳሚው በሙሉ ተነሣ። ሁሉም ማጠቢያውን ጠጥቷል፤ የማንም ሆድ ውስጥ እህል አልነበረም።

ሲመሽ ካርቶኑ ባዶ ነበር። አግዳሚውም ባዶ ነበር። ሚጣ ከማደንዘዣው ነቅታ «ያ ብስኩት አለቀ?» ብላ ጠየቀች።

የደረሰው ጥፋት በማግስቱ ግልጽ ሆነ። ቀይዋ መስመር ገደል ገብታለች። የገበያው ዕይታ ጨልሟል። ወዲያው «የፍላጎት መመናመን አጣሪ ኮሚቴ» ተቋቋመና ሐኪሟን «በጥናት ላይ የሚገኝን ፍላጎት፣ ጥናቱ ሳይጠናቀቅ፣ በማናለብኝነት አሟልታ በመገኘት» ጥፋተኛ አላት። ቱቦ ወደማይገኝበት ጤና ጣቢያም መደባት።

እናትየው ለምስክርነት ተጠርታ ነበር። ጋሽ ትንበያ ያንኑ ጥያቄ አቀረቡላት። አሁን ሳትንተባተብ አነበበችው።

«በሚቀጥሉት አምስት ዓመታት» አለች፣ ረጋ ብላ፣ «ልጄ አሥራ ሁለት ዓመት ይሞላታል።»

ኮሚቴው ተያየ። «መልስ አልሰጠችም» ተብሎ ተመዘገበ።

ጋሽ ትንበያ እስከ በሩ ሸኟት። ሚጣ ከፊት ከፊታቸው ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ትወርዳለች። ጋሽ ትንበያ በትካዜ አዩአት።

«ታናሽ የላትም?» አሉ።

«አላት፤ ወንድሟ።»

«ሆዱ እንዴት ነው?»

«ደኅና ነው፣ ተመስገን።»

«አይዞሽ» አሉ ጋሽ ትንበያ፣ ከልባቸው አዝነው።

ሆኖም ተስፋ አልቆረጡም፤ መቁረጥ ልማዳቸው አይደለም። ብዙም ሳይቆይ አግዳሚው ላይ ሆዳቸውን የያዙ አዳዲስ ሰዎች መቀመጥ ጀመሩ፤ የሚቆርጥላቸው ስለሌለም እዚያው ይቆያሉ፤ መስመሯ ዳግመኛ አቀበቱን ተያያዘችው። በአዲሱ ጥናት መሠረት የገበያው ዕይታ ከምንጊዜውም ይልቅ ብሩህ ነው።

ሐኪሟ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። ጋሽ ትንበያ ቀሩ፤ ምንጣፉም።