እድራችን ለሠዓሊው የወጣ ዕለት

ድሬዳዋ ላይ ሰው ከቀትር በኋላ ከቤቱ እንዲወጣ ከተፈለገ በቂ ምክንያት ሊቀርብለት ይገባል። ሠርግ ከሆነ ላቡን እየጠረገ ይወጣል፤ ለቅሶ ከሆነ ነጠላውን እንኳ ሳያስተካክል ይወጣል። የቀረውን ጉዳይ ሁሉ «ፀሐይዋ ትብረድ» ብሎ ያሳድረዋል። ንግግር ለመስማት ብሎ በዚያ ሰዓት የወጣ ሰው ግን እኔ በበኩሌ አላየሁም። ንግግርማ እቤትም ሞልቷል፤ ያውም ተጋድመው፣ ቬንትሌተር ሥር።

ይህን ለልጄ ለሜሮን ማን ይንገራት? ሜሮን አዲስ አበባ ሄዳ ሥዕል ተምራ የተመለሰች ልጅ ናት። ትሥላለች ብዬ ስጠብቅ፣ የሣሉ ሰዎችን ታሪክ ማውራት አማራት። ምግብ ሥራ ተምሮ መጥቶ ስለ ወጥ ቤቶች እንደማውራት ያለ ነገር መሰለኝ። አልተናገርኩም እንጂ! እናት ከተናገረችው ይልቅ የዋጠችው ቢጻፍላት ስንት መጽሐፍ ይወጣው ነበር።

ለማንኛውም ሜሮን ስለ ድሮ ሠዓሊዎች ሕይወትና ሥራ በየወሩ ለሕዝብ ንግግር ላድርግ ብላ አንድ አዳራሽ ጠየቀች። የአዳራሹ ኃላፊ ደግ ሰው ናቸው፤ ደግነታቸው ግን ልክ አለው። የመጀመሪያውን ሞክሪ፣ ሰው ከመጣ በየወሩ ያንቺ ነው፣ ካልመጣ ለሠርግ አከራየዋለሁ አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ እህል አልወርድላት አለ።

ለመጀመሪያው የመረጠችው ደምሴ የሚባል ሠዓሊ ነው። ከባቡሩ ጋር ድሬዳዋ ገብቶ፣ ሥራ ሲገኝ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ፣ ሥራ ሲጠፋ የሻይ ቤት ግድግዳ ሲሥል የኖረ ነው አሉ። እኛ ደብር ያለው ቅዱስ ጊዮርጊስ የእሱ እጅ ነው። እኔ በዚያ ሥዕል ፊት ስሰግድ ኖሬ ሠዓሊ ይኖረዋል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ከሕንፃው ጋር አብሮ የመጣ ነበር የሚመስለኝ። ሜሮን እንደምትለው ደግሞ ለዘንዶው ያደረገለት የቤት አከራዩን ዓይን ነው። አልፈረድኩበትም። እኔም ተከራይቼ ኖሬያለሁ።

ልጅቷ ማስታወቂያ ለጠፈች፣ በስልክም ላከች። ጓደኞቿ በሙሉ አውራ ጣት ላኩላት። ታዲያ አውራ ጣት ወንበር ላይ ይቀመጣል? ጭንቀቷን ማየት ቢያቅተኝ ተነሥቼ የእድራችን ሰብሳቢ እትዬ በላይነሽ ዘንድ ሄድኩ። ቅዳሜ ከሰዓት ሜሮን የአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ታነባለች፣ ሰው እንዳይጠፋ ፈርቻለሁ አልኳቸው። ማነው ሰውየው? አሉኝ። ደምሴ የሚባል ሠዓሊ ነው፣ ልጅም ዘመድም የለውም አልኩ። «ውይ! እኛ እዚሁ ቁጭ ብለን?» ብለው ደረታቸውን ያዙ። «ሂጂ አንቺ፣ አታስቢ። ሰውን ለእኔ ተዪው።» ለሥነ ጥበብ እንዲህ የሚቆረቆሩ ሰው መሆናቸውን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። አዳራሹ ውስጥ ኃላፊው፣ ጥላ ፍለጋ የገቡ ሁለት ሽማግሌዎች፣ እኔና ወንበሮቹ አለን። ሜሮን ወረቀቷን ስታጣጥፍና ስትዘረጋ ልትቀደው ነው። ድንገት ደጅ ላይ የባጃጅ ድምፅ ተሰማ፤ አንዱ ሲቆም ሌላው ይከተላል። እትዬ በላይነሽ ገቡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ከኋላቸው መላው እድር፣ ሁሉም ጥቁር በጥቁር። ከሁሉም መጨረሻ ጎረቤቴ አሚና የሻይ ፔርሙሷን አቅፋ ደረሰችና ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብላ «አቦ፣ አስከሬኑ ወጣ እንዴ?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ደግሞስ ምን ይፈረድባቸዋል? እኛ የሰው የሕይወት ታሪክ ሲነበብ የምንሰማው ቀብር ላይ አይደለም ወይ? ቆሜ «ሰውየው ከሞተ ዘመን አልፎታል» ብል ግማሹ በመጣበት ባጃጅ ይመለሳል፤ የልጄም ነገር በዚያው ያበቃል። ዝም ብል ደግሞ ዝምታ ከውሸት ይቆጠር ይሆን? ዓይኔን ጨፍኜ እግዚአብሔርን ጠየቅሁ። መልስ እስኪመጣ ድረስ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ፤ ይህንኑ እንደ መልስ ቆጠርኩት።

ሜሮን ስለ ቀለም አቀባብ ስትጀምር ሴቶቹ በትዕግሥት አንገታቸውን ደፉ። በልጅነቱ እናቱ ሞተችበት ስትል ከወዲያ ጥግ ረጅም «እህህ» ተሰማ። ቀለም መግዣ ሲያጣ በከሰል ይሥል ነበር ስትል እንባው መጣ። መጨረሻ ላይ ማዘጋጃ ቤት ቀበረው፣ የሸኘው ሰው አልነበረም ያለች ጊዜ ግን አዳራሹ ተናጠ። አሚና «ያ ረቢ! የሰው ልጅ እንዲህ ይቀበራል?» ብላ ጉልበቷን መታች። ልጄ መጀመሪያ ደነገጠች፣ ወደ እኔ አየች፣ እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ። ከዚያ ወረቀቷን አስቀመጠችና ስለ ሰውየው ከልቧ ታወራ ጀመር። የዘንዶውን ፎቶ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ አብርታ «ይህ የአከራዩ ዓይን ነው» ስትል ደግሞ እትዬ በላይነሽ በእንባቸው መሐል «ይሄንን ዓይንማ አውቀዋለሁ፤ የልጅ ልጁም እንዲሁ ነው የሚያፈጥብን!» ቢሉ ሁሉም ሳቀ። ለቅሶ ላይ የሚሳቀውን ሳቅ የመሰለ ሳቅ የት ይገኛል?

ሲያልቅ ያጨበጨበ የለም። ተሰልፈው ሜሮንን «እግዜር ያጥናሽ» አሏት። አሚና «አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» ብላ ሻይ ቀዳችላት። ኃላፊውም ከሰው ላለመለየት ተሰልፈው አጽናኗት። ከዚያ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ ሕዝብ በሥነ ጥበብ እንዲህ ሲነካ አይተው እንደማያውቁ ነገሩን፤ አዳራሹም በየወሩ ያንቺ ነው፣ ብቻ እነዚህ ታዳሚዎች እንዳይቀሩ አሏት።

ሕሊናዬ ስላላስቻለኝ ስንመለስ ለእትዬ በላይነሽ እውነቱን ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ስል፣ «ታዲያ ያኔ ያልተለቀሰለት ዛሬ ቢለቀስለት ምናለበት? እንባ እንደ ወተት ይበላሻል እንዴ?» ብለው ዘጉኝ።

ለሚቀጥለው ወር ሜሮን የመረጠችው ሳቢያን ሰፈር የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ሠዓሊ ናቸው። ችግሩ፣ ሰውየው በሕይወት አሉ። ፈቃዳቸውን ልንጠይቅ አብረን ሄድን። የደምሴን ነገር ቀድመው ሰምተው ኖሯል፤ ወደ እኔ ዞረው እነዚያ ሴቶች ይመጣሉ ወይ? አሉኝ። አባቴ፣ እርስዎ በደህና ተቀምጠው ምን ብዬ ልጥራቸው? አልኳቸው። ጢማቸውን እየደባበሱ ጥቂት አሰቡ።

«ግድ የለም፣ እስከዚያው ከቤት አልወጣም፤ አንቺ ሞቷል በያቸው» አሉኝ። «ብቻ ከፊት አንድ ወንበር ይያዝልኝ።»