ሐጃ ኢንሺራሕና የፊት ጥርሶቼ

የትኛውም ሰፈር ብትሄዱ ያልታመመ ሰው እየጎተተ ሐኪም ቤት የሚወስድ አንድ ጎረቤት አታጡም። ስትታመሙ የሚጠይቃችሁ ሞልቷል፤ ይኼኛው ግን የሚመጣባችሁ ደህና ሆናችሁ ሻይ ስትጠጡ ነው። ለእኛ ለካይሮዎቹ የሰይዳ ዘይነብ ሰፈር ሰዎች የደረሱን የጥርስና የድድ ጠቅላይ መርማሪ፣ ክብርት ሐጃ ኢንሺራሕ ናቸው። ሳይቃጠል በቅጠል ብለው የተነሱ ሴት ናቸው፤ ቅጠሉን ደግሞ በግድ ነው የሚያስይዟችሁ።

ሰው ሰላም ሲባባል ዓይን ለዓይን ይተያያል። ሐጃ የሚያዩት አፍ ነው። ቀልድ ከጀመሩላችሁ ተጠንቀቁ፤ የሚቀልዱት እናንተ አፋችሁን ከፍታችሁ ስትስቁ እሳቸው የኋላ መንጋጋችሁን ለመቃኘት ነው። ሥጋ ሻጩ ሻዝሊ አንድ ቀን ከት ብሎ ሳቀ፤ በማግሥቱ የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ተጋድሞ ተገኘ። "ጾም ላይ ነኝ" ብሎ ያመለጠ የለም። "ከማፍጠሪያ በኋላም ክፍት ነው፤ አስመዝግቤሃለሁ" ይላሉ።

ሕፃን በተወለደ በሰባተኛው ቀን ለእንግዳ ከረሜላና ኦቾሎኒ በትንንሽ ከረጢት ይታደላል፤ ወጉ ነው። የሐጃ የልጅ ልጅ የተወለደ ጊዜ ከረጢቱን ስንፈታ የወጣው የጥርስ ቡሩሽ ነበር። ልጆቹ አለቀሱ። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን "እኔ አንድም ጥርስ የለኝ፣ ይኼ ምን ይሠራልኛል?" ቢሉ፣ "ድድዎን ይጥረጉበታ!" አሏቸው።

እኔ መህሩስ እባላለሁ፤ የሰርግ ባንድ ውስጥ ትራምፔት እነፋለሁ። ሌላ ሙያ የለኝም። የትራምፔት አፍ ከንፈር ላይ ይጫናል፤ ከንፈሩን ከኋላ የሚይዙት ደግሞ የፊት ጥርሶች ናቸው። እነሱ ከተነቃነቁ ድምፁ ይሰበራል፣ ሰርገኛውም ሌላ ነፊ ይፈልጋል። ይህን እያወቅሁ የጥርስ ሐኪም ደጃፍ ረግጬ አላውቅም ነበር፤ ምን ላድርግ፣ አላመመኝማ!

አንድ ጠዋት ዘይቱን እየገመጥሁ ደረጃውን ስወርድ ከእኔ በታች ባለው ፎቅ ከሚኖሩት ከሐጃ ጋር ተገናኘን። ሰላምታዬን እንኳ ሳይመልሱ ዘይቱኑን ከእጄ ነጠቁኝ።

"ይኼ ምንድነው?"

"ዘይቱን ነዋ፣ ሐጃ።"

"ዘይቱኑ ነጭ ነው። ይኼ ቀዩ ያንተ ነው።"

ደም ነበር፤ የፊት ጥርሶቼ ያረፉበት ቦታ ላይ ቀጭን መስመር።

"ቀላል ነው፣ ምንም አያመኝም እኮ።"

"ሲያምህማ ማን ይለምንሃል? ራስህ እየጮህክ ትሄዳለህ! ሰው ሳያመው ነው መሄድ ያለበት። ና ውጣ!"

እጄን ይዘው እንደ ሌባ መንገዱን አሻገሩኝ። ቡና ቤት የተቀመጡት ሁሉ የማን ተራ እንደደረሰ ስለገባቸው አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ሳቁ።

የጥርስ ሐኪሟ ዶክተር ኒቪን አፌን እያየች "ለመጨረሻ ጊዜ የታዩት መቼ ነው?" አለችኝ።

"ያመመኝ ጊዜ።"

"መቼ አመመዎት?"

"አሞኝ አያውቅም።"

"ሰማሽልኝ፣ ልጄ?" አሉ ሐጃ ከበሩ በኩል።

ዶክተሯ በቀጭን ብረት ድዴን ነካ ነካ አደረገች። ከዚያ ጭንብሏን ዝቅ አድርጋ፣ "ጋሽ መህሩስ፣ ጥርሶችዎ ጤነኞች ናቸው። ችግሩ ከሥር ነው። ድድዎ ውስጥ ጠጠር ተጋግሮ የያዛቸውን አጥንት እየበላው ነው። ይኼ ሕመም አያሳምም፤ አብዛኛው ሰው የሚመጣው ጥርሱ ሲነቃነቅ ነው። ያኔ ብዙ የምረዳው ነገር አይኖረኝም" አለችኝ።

"እኔ... ትራምፔት ነፊ ነኝ" አልኳት።

"አሁን ይተርፋሉ። ቆይተው ቢመጡ ግን የፊቶቹን ያጧቸው ነበር።"

ያን ሁሉ ሰርግ ያጀብሁባቸው ጥርሶች እኔ እየነፋሁ እነሱ በዝምታ ሊሄዱብኝ ነበር። ተመላልሼ ጥርሴን ታጠብሁ፣ ከሥር ተጠረግሁ፤ በየስድስት ወሩም እንድታይ ታዘዝሁ። ሐጃ አንድም ቀን አልቀሩም። ተራ መጠበቂያው ውስጥ ተቀምጠው ለማያውቋቸው ሰዎች ቀልድ ይነግሩ ነበር።

ሕክምናው ሲያበቃ ባስቡሳ ገዝቼ ላመሰግናቸው ሄድሁ። ሽሮፑ የሚንጠባጠበውን ጣፋጭ አይተው በዓይናቸው ገረፉኝ።

"ታዲያ ምን ላድርግልዎ፣ ሐጃ? ባለውለታዬ ነዎት።"

"ከሰዓት በኋላ ጋደም ስል ያንን ጥሩምባህን ዝም አሰኝልኝ። ዓመት ከዓመት እኔ ስተኛ ነው የምትለማመደው፤ ጣራው የተናደብኝ ይመስለኛል።"

ለካ ያን ሁሉ የለፉት እንቅልፍ የሚነሳቸው ነገር እንዳይጠፋ ኖሯል! ያን ቀን እንደ እናቴ ወደድኋቸው።

ቃሌን ጠበቅሁ፤ ከሰዓት በኋላ ትራምፔቴን አልነካሁም። ብዙም ሳይቆይ አንድ ከሰዓት የቤቴ በር ተደበደበ። ስከፍት ሐጃ የቤት ጫማቸውን እንዳደረጉ፣ ሻሻቸው ተጣሞ፣ ደረጃው አድክሟቸው ያለከልካሉ።

"ምነው ድምፅህ ጠፋ? ወለቁ እንዴ?"

"ኧረ ሐጃ! ዝም በል ያሉኝ እርስዎ ነዎት እኮ!"

"አንተ ደግሞ መቼ ነው የእኔን ነገር ሰምተህ የምታውቀው!"

ወንበር ሳብኩላቸው። "በል ንፋው፣ ልስማ" አሉኝ። ትራምፔቱን ከንፈሬ ላይ አስደግፌ ነፋሁ፤ ከፍ ያለው ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ። አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝመው፣ ገና ዜማውን ሳላጋምስ እዚያው ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ይዟቸው ሄደ።