የቆላ ገነት የመብራት አባት ሹመትና ሽረት

በግንቦት ሚካኤል ማግስት (ዓመተ ምሕረቱ ማህተሙ ላይ ስላለ አልተደገመም) የቆላ ገነት የመስኖና የሶላር ተጠቃሚዎች ማህበር ኮሚቴ ከሶላሩ ቤት አጠገብ ባለው ግራር ጥላ ሥር ስብሰባውን አካሂዷል። የተጠራው በአዳራሽ ነበር። ሆኖም የአዳራሹ ቁልፍ በንብረት ክፍሉ ኪስ፣ ንብረት ክፍሉ ደግሞ በጎብዬ ገበያ በመገኘታቸው ግራሩ አዳራሽ ሆኖ እንዲያገለግል ተደርጓል። ስብሰባው ለሦስት ሰዓት ተጠርቶ አምስት ሰዓት ላይ በሰዓቱ ተጀምሯል።

የተገኙ፦

1. አቶ ወልደ ሚካኤል ተሰማ፣ ሊቀመንበር።
2. ሼህ መንሱር ሰኢድ፣ አባል። የአካባቢው የውሃ አባት ሲሆኑ ጎርፍ ሲወርድ ለማን ማሳ ቀድሞ እንደሚከፈት የሚወስኑት እርሳቸው ናቸው።
3. ወ/ሮ የሻረግ አበጋዝ፣ አባል፣ ባለ ወፍጮ።
4. አቶ ብርሃኑ ሞላ፣ አባል፣ ባለ ሻይ ቤት። የመጡት ስልካቸውን ቻርጅ ለማድረግ ቢሆንም ምልዓተ ጉባኤው እንዲሟላ ተቆጥረዋል።
5. ፍቅሩ አራጌ፣ ጸሐፊ። ድምፅ የለውም።
6. ወ/ሪት ሕይወት ካሣው፣ ጀማሪ የኃይል ተንታኝ፣ በሙከራ ላይ ያለች። ስብሰባው ስለ እርሷ ስለሆነ ወንበር አልተዘጋጀላትም።

ያልተገኙ፦ ወ/ሮ ሀስና ይመር፣ አባል። "ሽንኩርቴ እየደረቀ ስብሰባ የምቀመጥበት ጊዜ የለኝም" ብለው ልከዋል። የቀሩት ሁለት አባላት ለቅሶ ለመድረስ ዋጃ ሄደዋል።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ሲባል የሚከተለው ተመዝግቧል። ወ/ሪት ሕይወት የቆቦ ልጅ ናት። በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመርቃ፣ ሥራ ፍለጋ በየቢሮው ደጅ ስትጠና ሁለት ክረምት አልፎባት፣ በመጨረሻ ሶላሩን የተከለልን ፕሮጀክት ቀጥሮ ወደ እኛ ልኳታል። የፕሮጀክቱ ኃላፊ በስልክ እንዳስታወቁት፣ ኮሚቴው ዛሬ "ትቀጥል" ካለ ቋሚ ሠራተኛ ትሆናለች፤ "አትቀጥል" ካለ ከሰዓት በኋላ በሚያልፈው ሚኒባስ ወደ እናቷ ቤት ትመለሳለች። ሻንጣዋን ለማንኛውም ብላ ይዛ መጥታለች።

ሼህ መንሱር ስብሰባውን በምርቃት ከፍተዋል። "ያ ጀማዓ፣ ዛሬ የምንለው ይጽና፣ የጸናውም አይናወጥ" ሲሉ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ አሚን ብሏል። በአገራችን ደንብ አሚን የተባለበትን ነገር ከራሱ ከመራቂው በቀር የሚያነሳው የለም። ይህ ነገር ኋላ ላይ ጣጣ ስላመጣ እዚህ ላይ በትልቁ ተጽፏል።

አጀንዳ አንድ፦ ተንታኝ ማለት ምን እንደሆነ ስለማወቅ

ወ/ሪት ሕይወት ሥራዋን በአጭሩ እንድታስረዳ ተጠይቃለች። እርሷም ሶላሩ በየትኛው ሰዓት ምን ያህል ኃይል እንደሚሰጥ፣ ማን መቼ እንደሚጠቀምበት እየለካች፣ ለሁሉም የሚበቃበትን መንገድ እንደምትፈልግ ገልጻለች። ወ/ሮ የሻረግ በበኩላቸው፣ ተንታኝ ሲባል የሚያውቁት በሬዲዮ ስለ ኳስ የሚያወራውን እንደሆነ፣ እርሱም ቢሆን የሚያውቀው ጨዋታው ካለቀ በኋላ እንደሆነ ተናግረዋል። አቶ ብርሃኑ በዚህ ተስማምተው የቻርጀር መሰኪያው የት እንዳለ ጠይቀዋል። ተጠቁሟቸዋል።

ሼህ መንሱር ነገሩ እንደማያስጨንቅ አስረድተዋል። ጎርፍ የሚያካፍል የውሃ አባት ከተባለ፣ መብራት የሚያካፍል የመብራት አባት ነው ብለዋል። ጉባኤው በዚህ በጣም ተደስቷል። ደስታው ሳይበርድ ወ/ሮ የሻረግ አባት ለመባል ምን ምን እንደሚያስፈልግ አስታውሰዋል፤ በቀበሌው መሬት ያለው፣ ትዳር የያዘ፣ ሲቆጣ የሚፈራ መሆን አለበት። ወ/ሪት ሕይወት ሦስቱም እንደሌላት በዓይን ተረጋግጧል።

ጸሐፊው "እንግዲያው የመብራት እናት ትባል" የሚል ሐሳብ አቅርቧል። ሊቀመንበሩ እናት ለልጆቿ እኩል ስለምታካፍል ለዚህ ሥራ እንደማትሆን ገልጸው ሐሳቡን ውድቅ አድርገዋል። ጸሐፊው ድምፅ እንደሌለውም በዚሁ አጋጣሚ ተነግሮታል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ወ/ሪት ሕይወት የመብራት አባት እንድትሆን፣ ለዚህም በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ መሬት ያለው ባል እንድታገባ ተወስኗል። ወ/ሮ የሻረግ ያላገባ ወንድ ልጅ እንዳላቸው ለጉባኤው አስታውቀዋል። ወ/ሪት ሕይወት "እትዬ የሻረግ፣ ስላከበሩኝ አመሰግናለሁ። እኔ ግን ያመለከትኩት ለሥራው ነው" ብላለች። መልሱ ከአጀንዳው ውጭ ነው ተብሎ ታልፏል።

አጀንዳ ሁለት፦ የተንታኟን ጥናት ስለማዳመጥ

ችግሩ ሁሉም አባል የሚያውቀው ነው። ጠዋት በቀዝቃዛው የወ/ሮ የሻረግ ወፍጮ፣ የአቶ ብርሃኑ ፍሪጅና የመስኖው ፓምፕ በአንድ ጊዜ ይነሳሉ። ፀሐይዋ ገና ስላልበረታች ሶላሩ አልችልም ብሎ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ እህሉ ግማሹ ተፈጭቶ ይቀራል፣ ለስላሳው ይሞቃል፣ ሽንኩርቱ ይጠወልጋል።

ወ/ሪት ሕይወት የቀኑን የፀሐይ ኃይል የሚያሳይ መስመር በካርቶን ላይ ስላ አቅርባለች። መስመሩ ከጠዋት ተነስቶ ይወጣል፣ ቀትር ላይ ጫፍ ይደርሳል፣ ወደ ማታ ይወርዳል። ሼህ መንሱር ካርቶኑን አገላብጠው አይተው "ይቺማ የዞብል ተራራ ናት" ብለዋል። በየት በኩል ብትወጣ እንደምትቀል ለጥቂት ጊዜ ክርክር ተደርጓል።

ወደ ጉዳዩ ሲመለስ፣ የተንታኟ ምክር የሚከተለው ነበር። ፓምፑ ቀትር ላይ ብቻውን ይሥራና ገንዳውን ይሙላ። ገበሬው ውሃውን ከገንዳው ማታ በቀዝቃዛው ይልቀቅ። ወፍጮው ረፈድ ሲል ይፍጭ፤ ፍሪጁም አቶ ብርሃኑ በየደቂቃው እየከፈቱ ካላዩት ቀትርን ጠፍቶ ቢያሳልፍ አይሞቅም።

ሊቀመንበሩ ቀትር የሚለውን ቃል ሲሰሙ ከተቀመጡበት ድንጋይ ተነስተዋል። የቀትር ጋኔን በሚወጣበት ሰዓት ውሃ ዳር የሚቆም ሰው በቆላ ገነት ታይቶ እንደማይታወቅ አሳስበዋል። ወ/ሪት ሕይወት ማንም እንደማይቆም፣ ማብሪያውን ከፍቶ መሄድ ብቻ እንደሆነ መልሳለች። ሊቀመንበሩም "እንግዲያው ፓምፑን ከጋኔኑ ጋር ብቻውን ልንተወው ነው?" ብለው ጠይቀዋል። ፓምፑን አንድ ነገር ቢለክፈው ጠበል የሚወስደው ማን እንደሆነ፣ ክብደቱም እንደማይቻል በዝርዝር ተወስቷል።

በዚህ መሃል ሼህ መንሱር መፍትሔው በእጃችን ያለው የጎርፍ ደንብ እንደሆነ አመልክተዋል። ጎርፍ ሲመጣ ራስጌ ያለ ይጠጣል፣ የተረፈው ወደ ግርጌ ይወርዳል፤ መብራቱም እንዲሁ ይሁን ብለዋል። ለሶላሩ ቤት የሚቀርበው የአቶ ብርሃኑ ሻይ ቤት በመሆኑ ፍሪጁ ራስጌ ሆኗል። ወ/ሮ የሻረግ ፀሐይ የምትመጣው ከምሥራቅ ስለሆነ ራስጌው የእርሳቸው ወፍጮ ነው በማለት ተከራክረዋል። አቶ ብርሃኑ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በእርሳቸው በኩል እንደምትጠልቅ አስታውሰዋል። ጠቡን ለማብረድ ሊቀመንበሩ የሶላሩ መስተዋቶች እየተነቀሉ እያንዳንዱ ወደየባለቤቱ ደጅ እንዲዞር ሐሳብ አቅርበው ነበር። የሚነቅል ሰው ባለመገኘቱ ለጊዜው ቆይቷል።

ወ/ሪት ሕይወት መብራት እንደ ጎርፍ በተራ እንደማይደርስ፣ ለሁሉም በአንድ ጊዜ እንደሚደርስ ለማስረዳት ሞክራለች። ሼህ መንሱር "አብሽሪ ልጄ፣ ከእኛ ጋር ሲሰነብት ወረፋ ይለምዳል" ብለው አጽናንተዋታል።

ከረጅም ውይይት በኋላ ፍሪጁ ራስጌ፣ ወፍጮው መካከለኛ፣ የወ/ሮ ሀስና ሽንኩርት ግርጌ እንዲሆን ተወስኗል። ወ/ሮ ሀስና ስላልተገኙ ተቃውሞ አልቀረበም።

አጀንዳ ሦስት፦ የሙከራ ጊዜን ስለመገምገም

ሊቀመንበሩ ተንታኟ ባል አላገባም ማለቷን፣ ጉባኤውን ወደ ቀትር መምራቷን፣ ራስጌና ግርጌን መካዷን በማጠቃለል፣ ልጅቷ ጨዋና ታታሪ መሆኗ ግን እንደማይካድ ገልጸዋል። ከአጭር ውይይት በኋላ ሙከራዋ ዛሬ እንዲያበቃና በከሰዓቱ ሚኒባስ እንድትሄድ ተወስኗል። አሚን ተብሏል።

ወ/ሪት ሕይወት የምትለው ካለ ተጠይቃ፣ "እናቴ ልጄ ሥራ ያዘች ብላ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግራለች። አሁን ሻንጣዬን ይዤ ስገባ ምን ልበላት?" ብላለች። ጸሐፊው በዚህ ጊዜ ከልቡ አዝኗል። ድምፅ ስለሌለው ሐዘኑ አልተቆጠረም።

አጀንዳ አራት፦ የአቶ ብርሃኑን ስልክ በተመለከተ

ይህ አጀንዳ አልተያዘም ነበር። አቶ ብርሃኑ እጃቸውን አውጥተው ስልካቸው ከመጡበት ሰዓት ጀምሮ ቅንጣት እንዳልጨመረ አመልክተዋል። ሲጣራ ወፍጮው፣ ፍሪጁና ፓምፑ ጠዋት በአንድ ጊዜ ተነስተው ሶላሩ እንደ ልማዱ ዘግቶ ተገኝቷል። የተባረረ ሠራተኛ እርዳታ ይጠየቃል ወይስ አይጠየቅም በሚለው ላይ ክርክር ሲጀመር፣ ወ/ሪት ሕይወት ሻንጣዋን በትከሻዋ እንዳንጠለጠለች ተነስታለች። እትዬ የሻረግ ልጅ ልከው ወፍጮውን እንዲያስጠፉ፣ አቶ ብርሃኑም ፍሪጁን እንዲያስነቅሉ፣ ስልካቸውንም እንዲነቅሉ ጠይቃለች። አቶ ብርሃኑ ስልኩ ላይ ጥቂት አንገራግረዋል።

ሰዓቱ ቀትር ሆኖ ነበር። ከኮሚቴው ማንም ከጥላው አልወጣም። ልጅቷ ብቻዋን በዚያ ፀሐይ ተሻግራ ሶላሩ ቤት ገባች። ትንሽ ቆይቶ ፓምፑ ተነሳ፤ ከዚያም ውሃ ገንዳው ውስጥ ሲወርድ ተሰማ። አባላቱ ውሃ ለማየት ስለሄዱ ስብሰባው ለተወሰነ ጊዜ ተቋርጧል። ሊቀመንበሩ ከሁሉ ቀድመው ደርሰዋል፤ ስለ ጋኔኑ ያነሱት ነገር የለም። ገንዳው እንዲያ ሲሞላ አይተን አናውቅምና ደስ ብሎናል፤ ደስታው የጸሐፊው ብቻ አልነበረም።

ወ/ሮ ሀስና ቀሚሳቸውን እንደሰበሰቡ ከማሳው መጥተው ውሃውን ማን እንደከፈተ ጠይቀዋል። ሲነገራቸው "አላህ ዕድሜ ይስጣት" ካሉ በኋላ፣ ሻንጣዋን አይተው ወዴት እንደምትሄድ ጠይቀዋል። አባላቱ ሁሉ ሊቀመንበሩን፣ ሊቀመንበሩ ቃለ ጉባኤውን ተመልክተዋል።

አጀንዳ አምስት፦ ስለ ሽረት

ጉባኤው ወደ ግራሩ ጥላ ከተመለሰ በኋላ ሊቀመንበሩ የአጀንዳ ሦስት ውሳኔ ብቻ እንዲሻር ሐሳብ አቅርበዋል። ሼህ መንሱር በምርቃቱ "የጸናው አይናወጥ" እንደተባለ አስታውሰዋል። ማንሳት የሚችሉት እርሳቸው መሆናቸውን፣ ነገር ግን ምርቃት እንደ ሽንኩርት እየተመረጠ እንደማይነቀል፣ ከተነሳ ሁሉም አብሮ እንደሚነሳ አስረድተዋል። አቶ ብርሃኑ ራስጌነታቸው እንዳይነካ ጠይቀው ነበር። ወ/ሮ ሀስና ዞር ብለው ሲያዩዋቸው ጥያቄያቸውን ትተውታል።

በዚህ መሠረት ሼህ መንሱር "ዛሬ ግራሩ ሥር ያልነውን፣ የወሰንነውንና ያዘዝነውን ሁሉ ጎርፍ ይውሰደው" ብለው መርቀዋል። አሚን ተብሏል። ስለሆነም የመብራት አባትነቱ፣ የባሉ ጉዳይ፣ ራስጌና ግርጌው፣ ስንብቱም ጭምር እንዳልነበሩ ሆነው ተሽረዋል።

ጸሐፊው ልጅቷ ቋሚ መሆኗ በዚሁ እንዲወሰን አሳስቧል። ሊቀመንበሩ ዛሬ የሚወሰን ሁሉ ጎርፍ የሚወስደው ስለሆነ እንደማይቻል፣ ለኃላፊው "ሙከራው ገና አላለቀም" ተብሎ እንደሚደወል ገልጸዋል። ቀጥሎም ነገ ቀትር ላይ ፓምፑን የሚከፍተው ማን እንደሆነ ጠይቀዋል። አባላቱ ወደ ጥላው ይበልጥ ጠጋ ብለዋል። ወ/ሪት ሕይወት "እኔ" ብላለች።

ሻንጣዋንም ከትከሻዋ አውርዳ ግራሩ ሥር አስቀምጣ፣ ሙከራው ከቀጠለ እርሷም በበኩሏ ኮሚቴውን እየሞከረች መሆኑን፣ የኮሚቴውን ውጤት ሽንኩርቱ ሲነቀል እንደምታሳውቅ ገልጻለች። ሊቀመንበሩ ይህ እንዳይመዘገብ አዘዋል። ዛሬ የታዘዘ ሁሉ በጎርፍ ስለተወሰደ ተመዝግቧል።

ስብሰባው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ተበትኗል። ሚኒባሱ አስፋልቱ ላይ ቆሞ ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ነፍቶ፣ የሚሳፈር ሰው ሲያጣ ወደ ቆቦ ሄዷል።

ፍቅሩ አራጌ
ጸሐፊ፣ ድምፅ የሌለው