አፉ የተፈታ ጆንያ

ሰው ድመት ሊያመጣ ሲያስብ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ምን ትበላለች? እኔ ግን ልንገራችሁ፣ ድመት ሳትበላ አታድርም፤ ድስቱን ከድናችሁ ድንጋይ ብትጭኑበትም ትበላለች። አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ከቤትህ ማን ጎድሎ ነው ድመት ያስፈለገችህ?

ሚስቴ ይታይሽ ልጃችንን ልታርስ ባሕር ዳር ወርዳ ቤቱ ሲቀዘቅዝ፣ ከእብናት እስከ ጣራ ገዳም ያለ አይጥ ተጠራርቶ እኔ ጎታ ሥር ከተመ። ገብሴን እየቆረጠሙ ይስቁብኝ ነበር ብል ማን ያምነኛል? ይታይሽ ስትሄድ ክርስትናው እስኪደርስ ነው ብላ ነበር። ክርስትናው አለፈ፣ ሕፃኑ ዳዴ አለ፣ እሷ የለችም። እኔም ነይ አላልኳት። ወንድ ልጅ በስልክ ናፈቅሽኝ ይላል እንዴ? አይጡ አስቸግሯል ነበር የምላት። እሷም ድመት አምጣ አለችኝ።

አመጣሁ። አንበሳሜ ዳር የሚኖሩት መነኩሲት፣ እማሆይ ወለተ ማርያም፣ ቡራቡሬ ድመታቸውን ጆንያ ውስጥ ከተው አፉን በገመድ ጠፍረው ሰጡኝ። ቤትህ ሳትገባ እንዳትፈታው፣ ድመት ያየችውን መንገድ አትረሳም ብለው አስጠነቀቁኝ። ያገራችን ደንብም ይኸው ነው፤ ድመት ተሸፍና ትሄዳለች፣ መንታ መንገድ ላይ ታዞሯታላችሁ፣ አገሯ በየት በኩል እንደሆነ ይጠፋታል።

እኔ ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ገና ከመንደሩ ሳልወጣ አለቀሰች፤ ለቅሶዋ አንጀቴን በላው። ደግሞም ከሰው ጋር ካወራሁ ሰንብቻለሁ። ፈታሁላት። አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ እኔም አገሩን እያስጎበኘኋት ተጓዝን። ይኸ ወንዝ የይታይሽን ነጠላ የወሰደ ነው። ያ ወይራ ከሰርጋችን ስንመለስ ዝናብ ያስጠለለን ነው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የእኔን ያወጣው ጆንያ ነው። ድመቷም ጨዋ ናት፣ አንዴም ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

በማግስቱ የለችም። እማሆይ ዘንድ ብሄድ ምድጃቸው ዳር ተጋድማለች። መልሼ ወሰድኳት፤ ሄደች። አሁንማ ጆንያው ቢጠፈር ምን ዋጋ አለው? ወንዙን ከነነጠላው፣ ወይራውን ከነዝናቡ ታውቀዋለች። እማሆይም ሲያዩኝ ሲያዩኝ ከረሙና፣ «አንተ ልጅ፣ ይህች ድመት አንተ ቤት ያጣችው ምንድን ነው?» አሉኝ። ሰው አጥታ ነው ልል ነበር፤ ዋጥሁት።

ለይታይሽ ደውዬ ድመቷን ከሰስኳት። አልለምድ አለች፣ እሷን ፍለጋ ስመላለስ እግሬ አለቀ አልኳት። ሙግቴን ጨርሼ ፍርድ ጠበቅሁ። «አንተ ሰውዬ፣» አለች፣ «ለድመት አንበሳሜ ድረስ ትመላለሳለህ። ከአንበሳሜ ባሕር ዳር ይኸን ያህል ይርቃል?»

ሰርግ ቤት የሚያስቅ፣ ለቅሶ ቤት የሚያስፈግግ ይኸ አፌ ተሳሰረ።

በነጋው መኪና ተሳፈርኩ። መንገዱን ሁሉ የምላትን ስደረድር ነው የሄድኩት፤ እንዲያ ያለ ንግግር ንጉሥ ፊት ቢቀርብ ርስት ያስሰጣል። ደረስኩ። ይታይሽ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ጓዟ ተቋጥሮ አጠገቧ ተቀምጧል። ዓይኗን ዓይኔ ላይ ተክላ ትጠብቃለች።

ጉሮሮዬን ጠረግሁና፣ «አይጡ አስቸግሯል» አልኳት።