ያልጎደለው ብርጭቆ

በአገራችን ውሃ ከመጠጥ አይቆጠርም። እንግዳ ሆናችሁ ከሰው ቤት ገብታችሁ «ውሃ ይበቃኛል» ብትሉ፣ የቤቱ እመቤት ውሃውን ታመጣላችሁና «አሁን ደግሞ የሚጠጣ ምን ላቅርብ?» ትላችኋለች። መጠጥ የሚባል ነገር ወይ ሊጣፍጥ፣ ወይ ሊያሰክር፣ ወይ አረፋ ሊያወጣ ይገባዋል፤ ከሦስቱ አንዱን ያላሟላ የእጅ መታጠቢያ ነው። ብርጭቆው ከአፉ ካልፈሰሰ ሰጪው ሰስቷል፤ እስከ ታች ካልተጨለጠ ተቀባዩ ንቋል። ፍቅራችን በሙላት ነው። ይህን ስል እየነቀፍኩ እንዳይመስላችሁ፤ እኔም ዕድሜዬን ስሞላና ስጨልጥ የኖርኩ፣ ውጤቱንም በወገቤ ዙሪያ የተሸከምኩ ሰው ነኝ።

ጉልበቴ አልሸከምህም ሲለኝ፣ ስኳሩም ከደሜ አልወርድ ሲል፣ ልጄ አዲስ አበባ ወሰደችኝና ሐኪሞቹ ጨጓራዬን ቆርጠው ከሙዝ ያልበለጠ አድርገው መለሱልኝ። ቀጥሎ አንዲት ወጣት የሥነ ምግብ ባለሙያ አስቀምጣ አስተማረችኝ። ለስላሳ የለም። ጋዝ ያለው ሁሉ የለም። ጁስም ስኳር ነው፣ ማርም ስኳር ነው። የተፈቀደልኝ ውሃ፣ ያለ ስኳር የተፈላ ሻይ፣ ቅባቱ የወጣለት ወተትና የተጣራ ሾርባ ሲሆን፣ እሱንም ጥቂት በጥቂት ነው። ጣፋጭ ነገር በአንዴ ብጠጣ ላብ በላብ ሆኜ እንደምወድቅ ነገረችኝ።

በትምህርት ያለፈ ሰው ሁሉን ነገር ማጣራት አለበትና፣ ጅማ እንደተመለስኩ እዚያው ጅማ መርካቶ ከሚገኝ አንድ ጁስ ቤት ገብቼ ያለ ስኳር የተፈጨ አቮካዶ አዘዝኩ። ባለቤቱ «እሺ» ብሎ ሽሮፑን ጨመረበት። ኋላ ሲጠየቅ፣ እንደ እርስዎ ላለ ትልቅ ሰው ባዶውን ባቀርብ ስሜ ይጠፋል አለ። ይህን መልስ የሰማሁት ከጎረቤቱ የጤፍ ጆንያ ላይ ተጋድሜ፣ አንዲት ጫት ሻጭ በካርቶን እያራገበችልኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ባለሙያዋን አመንኳት።

የቀዶ ሕክምናውን ነገር ግን ለማንም አልተናገርኩም። «ምነው ከሱ?» ለሚለኝ «በእግሬ እየሄድኩ ነው» እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ እየሄድኩ ነው። ደግሞስ «በስተርጅና ምግብ ተርፎት ሆዱን ያስቆረጠ» መባል ለእኔ የሚሆን ስም ነው?

እንግዲህ ቡናው መቅላት በጀመረበት ሰሞን የወንድሜ ልጅ ብሩክ ሽማግሌ ሆኜ እንድሄድለት ለመነኝ። የወደዳት ልጅ ሰናይት ትባላለች፤ አባቷ አቶ ታደሰ በሊሙ ገነት የታወቁ የቡና ገበሬ ናቸው፤ እሷም የነርስነት ትምህርቷን በመጪው ሐምሌ ትጨርሳለች። ብሩክ እሺ ይበሉት እንጂ ሰርጉ ከርሞ ቢሆንም ግድ እንደሌለው ነግሮኛል። ከረባቴን አሰርኩ፤ ጎረቤቴን ሐጂ ኑሪን አስከትዬ ሄድኩ።

ወጉን ታውቃላችሁ። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባል የሰው ቤት እህል ውሃ አይቀምስም። እሺ ከተባለ በኋላ ደግሞ መጠጣት ግዴታው ነው፤ የጠጣ ተስማማ፣ ያልጠጣ ገና የሚፈልገው አለ። ተናገርን። አቶ ታደሰ ጠየቁ፣ አሰቡ፣ በመጨረሻም ፈቀዱ፤ ሰርጉ ልጅቱ ከተመረቀች በኋላ፣ ከርሞ ጥር ይሁን አሉ። እኛም ይህንኑ ነበር የፈለግነው። ተነስተን አመሰገንን። ብርዙ መጣ።

ከገዛ ቀፏቸው የተቆረጠ ማር በውሃ ተበጥብጦ፣ ወርቅ መስሎ፣ በትልቅ ብርጭቆ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ቀረበልን። ሐጂ «ቢስሚላህ» ብለው በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። እኔ ከንፈሬን አስነክቼ አስቀመጥኩት።

«ማሎ ጋሼ መኮንን፣ ይጠጡልኝ እንጂ» ሲሉ ለመኑኝ አቶ ታደሰ።

«እየጠጣሁ ነው።»

ብርጭቆው ግን መሰከረብኝ።

ስኳር አለብኝ ብለህ አትገላገልም ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። የሴቷ ወገን የወንዱን ዘር በሽታ እስከ ቅድመ አያት በሚያጣራበት ቀን? ለብሩክ ሚስት ልለምን ሄጄ በሽታ ላወርሰው? እኔ ደግሞ ስቀመጥ ጀርባዬ የወንበር መደገፊያ አይነካም፤ ቃልም አላበዛም። ይህ ለአቶ ታደሰ ቅር የተሰኘ ሽማግሌ መልክ ሆነባቸው። ጓዳ ገብተው ከባለቤታቸው ጋር በኦሮምኛ ተንሾካሹከው ተመለሱና፣ ሰርጉ ለዘንድሮው ፋሲካ ማግስት ቢሆንም እንደማይከፋቸው ገለጹ። አመሰገንኩ። ብርጭቆው እንደሞላ ነው።

ሐጂ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «አይንኩት፤ ገና ይጨምራሉ።»

ጨመሩም። ሁለተኛ ጓዳ ገብተው ሲወጡ ሰርጉን ወደ ዘንድሮው ጥር አመጡት፤ የድንኳኑንም ወጪ እኛው እንችላለን አሉ። ሐጂ ይህን እያጣጣሙ ሦስተኛ ብርጭቆ አስቀዱ። እኔ አሁንም ጠብታ ቀመስኩ፣ አስቀመጥኩ። ሦስተኛ ሲመለሱ አቶ ታደሰ ድምፃቸው ሌላ ሆኗል።

«እንግዲህ ጋሼ፣ ትምህርቷንም ታቋርጥ። ከዚህ በላይ የምሰጥዎ የለኝም።»

ሰናይት የብርዙን ማንቆርቆሪያ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አላለቀሰችም። ዓይኗን ግን ከብርጭቆዬ ላይ አልነቀለችም።

አነሳሁት። ልጨልጠው አሰብኩ፤ ነገር ግን ልጅ ሊያጭ መጥቶ ከምንጣፍ ላይ የተዘረጋ ሽማግሌ ለማንም መልካም ምልክት አይሆንም። መልሼ አስቀመጥኩትና ቆምኩ።

«አቶ ታደሰ፣ ልጅቱ ትምህርቷን አታቋርጥም። የማልጠጣው ቅር ብሎኝ አይደለም። ጨጓራዬ በቀዶ ሕክምና ተቆርጦ የቀረኝ ይህችን ታህል ነው» አልኩና በጣቶቼ ለክቼ አሳየኋቸው።

አቶ ታደሰ ጣቶቼን፣ ቀጥሎም ሆዴን አዩ።

«ከርሞ ጥር ሲባል ተስማምተው ነበር ማለት ነው?»

«ገና ከመጀመሪያው።»

በረጅሙ ተነፈሱ። ከዚያ የሰጡትን ሁሉ በተሰጠበት ተራ መልሰው ወሰዱ፤ ፋሲካን ወሰዱ፣ የዘንድሮውን ጥር ወሰዱ፣ ድንኳኑንም አልረሱትም። የስኳሬን ነገር እኔም አላነሳሁባቸውም። ሰናይት ያለ ስኳር ሻይ ይስማማኝ እንደሆነ ጠየቀችኝና አፍልታ አመጣች። እናቷ ግን ለሽማግሌ ባዶ ሻይ ሰጠች መባልን ፈርተው፣ ስኳር የሞላ ጎድጓዳ ሳህን ከነማንኪያው አጠገቤ አስቀመጡ፤ ጎረቤት ቢገባ እንዲያይ። አቶ ታደሰም እስከ አጥሩ በር ሲሸኙኝ ክንዴን ያዙና፣ የራሳቸውን ቦርጭ በሌላ እጃቸው እየዳሰሱ፣ ያማል ወይ ብለው በዝግታ ጠየቁኝ።

ወደ ጅማ ስንመለስ ሐጂ ኑሪ ለረጅም መንገድ አኩርፈው በመስኮት የቡናውን ጫካ ሲያዩ ቆዩ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጥቂት ቢታገሱ ኖሮ፣ አቶ መኮንን፣ የቡና ጫካውንም ይጨምሩልን ነበር።»

ይህን እንዳሉ ፊታቸው ድንገት ተቀየረ፤ ሾፌሩን አስቁመው እየተጣደፉ ወረዱ። ሦስት ብርጭቆ ብርዝ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ከመኪናው ውስጥ፣ እንደ ልማዴ ጀርባዬን አቅንቼ ተቀምጬ፣ ጠበቅኳቸው።